ቢሮው ሲርቅ ቴንበሪን አትርሱ

ለማልቨርን ሂልስ ወረዳ ካውንስል፣
ለዎርስተርሻየር ካውንቲ ካውንስል፣
ሁለቱን ለሚተካው አዲስ አስተዳደር፣

ጤና ይስጥልኝ።

መንግሥት የወረዳና የካውንቲ ካውንስሎችን በአንድ ካውንስል ሊተካ ነው። የምጽፍላችሁ ወረዳው ከመታጠፉ በፊት አንድ ነገር እንድታስቡበት ለመለመን ነው። አዲሱ ካውንስል የትም ይቀመጥ፣ ስንትም አባላት ይኑሩት፣ ከዋናው ከተማ ርቀው ለሚኖሩ ሰዎች በቅርባቸው የሚወስን ሰው፣ በቅርባቸው የተቀመጠ ዕቃ፣ በቅርባቸው የተከፈተ ቢሮ ይተውላቸው። በተለይ በወረዳው ጥግ ላለችው ትንሽ ከተማ፣ ለቴንበሪ ዌልስ።

በአማርኛ የጻፍኩት እንግሊዝ አገር ያሉ ወገኖቼም እንዲያነቡት ብዬ ነው። የእንግሊዝኛውን ቅጂ ለየቢሮአችሁ እልካለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞሩ አዛውንቶችን መንከባከብ ነው። ጠዋት ከአልጋ አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ፣ መድኃኒታቸውን መውሰዳቸውን አያለሁ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ ረጅምና ጠባብ ነው። ሁለት መኪና ስለማያሳልፍ አንዱ ወደ ኋላ ሄዶ አጥር ሥር ይጠጋል። ክረምት ላይ ደግሞ መንገዱ በውሃ ይዘጋል። ስለ ርቀት የማወራው በየቀኑ ስለምነዳው ነው።

ወገኖቼ ለማታውቁት፣ ማልቨርን ሂልስ በምዕራብ እንግሊዝ ያለ ወረዳ ነው። ከበርሚንግሃም ወደ ደቡብ ምዕራብ ስትሄዱ፣ ዌልስ የሚባለው አገር ሳትደርሱ ታገኙታላችሁ። ስፋቱ 577 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2021 ቆጠራ 79,500 ያህል ሕዝብ ነበረው። ከዚህ ውስጥ 30,000 የሚሆነው በማልቨርን ከተማ ይኖራል። ሌሎቹ ሁለት ከተሞች ትንንሽ ናቸው፤ አፕተን በሰቨርን ወንዝ ዳር፣ ቴንበሪ ደግሞ በሰሜን ምዕራቡ ጥግ በቲም ወንዝ ዳር። የተረፈው እርሻ፣ የፖም ማሳና መንደር ነው።

ወረዳው ስሙን ያገኘው ከኮረብታዎቹ ነው። ትልቁ ዎርስተርሻየር ቢከን ይባላል፤ ከፍታው 425 ሜትር ነው። ከደጋ ለመጣ ሰው ይህ ተራራ አይባልም። ግን ከሜዳው መሃል ብቻውን ቀጥ ብሎ ስለሚነሳ ከሩቅ ይታያል። ድንጋዩ በእንግሊዝ ካሉት እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ብሪቲሽ ካምፕ በሚባለው ጫፍ ላይ ሮማውያን ከመምጣታቸው በፊት የተቆፈረ ምሽግ አለ። የሸንተረሩ አናት የዎርስተርሻየርና የሄሪፎርድሻየር ወሰን ነው።

ከእነዚህ ኮረብታዎች አንድ ትምህርት ማውጣት ይቻላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጋራ ግጦሹን ባለሀብቶች እያጠሩ፣ ድንጋዩን እየፈለጡ ሲወስዱት ሰዉ ተነሣ። በ1884 ፓርላማው ሕግ አወጣ፤ የማልቨርን ሂልስ ጠባቂዎች የሚባል አካልም ተቋቋመ። ይህ አካል ዛሬም አለ። በኮረብታዎቹ ዙሪያ ያሉ ፓሪሾች፣ እንደ ቀበሌ ያሉ ትንንሽ አካባቢዎች፣ በካውንስል ታክሳቸው በኩል ለጥበቃው ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላሉ። ካውንቲ ሲፈርስ፣ ወረዳ ሲወለድ፣ ወሰን ሲቀየር ይህ አካል ከቦታው አልተነቃነቀም። ምክንያቱ ግልጽ ነው ብዬ አምናለሁ። ሥራው አንድ ነው፣ ቦታው የታወቀ ነው፣ ገንዘቡም ከቅርብ ይመጣል። ለቴንበሪና ለአፕተን የምለምነው ይህን የመሰለ ሥር ያለው ነገር ነው።

አሁን ወደ አስተዳደሩ ልምጣ። በእንግሊዝ ብዙ ቦታ የአካባቢ አስተዳደር ሁለት እርከን አለው። ካውንቲው ትምህርት ቤትን፣ መንገድን፣ ቤተ መጻሕፍትን፣ የአዛውንቶችን ድጋፍ ይይዛል። ወረዳው ቆሻሻ ያነሳል፣ የግንባታ ፈቃድ ይሰጣል፣ ቤት ያጣውን ይቀበላል፣ ምርጫ ያስፈጽማል፣ ካውንስል ታክስ ይሰበስባል። ከሚሰበሰበው ትልቁ ድርሻ ወደ ካውንቲው ይሄዳል፤ ለወረዳው የሚቀረው ትንሽ ነው። ከሁለቱም ሥር ፓሪሽ ካውንስል አለ። እንደ ቀበሌ አስቡት፤ ሥልጣኑ ግን ጠባብ ነው።

በዲሴምበር 2024 የወጣው የመንግሥት ሰነድ ይህ ሁለት እርከን እንዲቀርና በየቦታው አንድ ካውንስል ብቻ እንዲኖር ይጠይቃል። ለአዲሶቹ ካውንስሎች መለኪያ ያደረገው 500,000 ሕዝብና ከዚያ በላይ ነው። ዎርስተርሻየር ስድስት ወረዳዎችና 600,000 ገደማ ሕዝብ አለው። የቀረቡት አማራጮች ሁለት ናቸው። አንደኛው መላው ካውንቲ በአንድ ካውንስል ሥር ይሁን ይላል። ሁለተኛው ሰሜኑና ደቡቡ ይከፈል፤ ማልቨርን ሂልስ ከዎርስተር ከተማና ዊቻቨን ከሚባለው ጎረቤት ወረዳ ጋር ይሁን ይላል። በሁለቱም መንገድ ዛሬ የምናውቀው ወረዳ ካውንስል አይኖርም።

ለውጡን አልቃወምም። ጥቅሙን በሥራዬ አየዋለሁ። አንዲት አሮጊት ገንዳው ውስጥ መግባት አቅቷቸው መታጠቢያ ቤታቸው መቀየር አለበት እንበል። ምን እንደሚያስፈልጋቸው መጥቶ የሚያየው ባለሙያ የካውንቲው ነው። ለሥራው የሚሆነውን ድጎማ የሚሰጠው ደግሞ ወረዳው ነው። ሁለት ቢሮ፣ ሁለት ፎርም፣ ሁለት ወረፋ። መሃል ላይ አሮጊቷ ወራት ይጠብቃሉ። ሁለቱ ቢሮዎች አንድ ሲሆኑ ይህ ነገር ካላጠረ ውህደቱ ለምን እንደተደረገ ለማንም ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ አዲሱ አስተዳደር መጀመሪያ የሚያስተካክለው ነገር ይህ ይሁን እላለሁ።

ወረዳው ለብቻው እንዳልቆመም አውቃለሁ። ከዊቻቨን ጋር አንድ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ከተጋራ ቆይቷል። የደቡብ ዎርስተርሻየርን የልማት ዕቅድም ማልቨርን ሂልስ፣ ዎርስተርና ዊቻቨን አብረው አውጥተው በ2016 አጽድቀዋል። አብሮ መሥራት ለእናንተ አዲስ አይደለም።

የሚያሳስበኝ ቴንበሪ ናት። ከዎርስተር ወደ 35 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ወደ ማልቨርን የሚወስደው መንገድ ከዚያም ይረዝማል። ባቡር ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የላትም። የከተማዋ ነዋሪ 4,000 ገደማ ነው። ዛሬ በወረዳው ውስጥ ከሃያ ሰው አንዱ የቴንበሪ ሰው ነው። በመላው ካውንቲ ሲቆጠር ግን ከመቶ ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። ድምፅ በቁጥር በሚለካበት ቦታ ይህ ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

ደግሞም ቴንበሪ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ የመጀመሪያዋ አይደለም። እስከ 1974 ድረስ በስሟ የሚጠራ የገጠር ወረዳ ነበራት። በ1974 የእንግሊዝ ወሰኖች ሁሉ ሲሸነሸኑ ለሌምስተር ወረዳ ተሰጠች። በ1998 ሄሪፎርድና ዎርስተር የሚባለው ካውንቲ ሲፈርስ ወደ ማልቨርን ሂልስ ዞረች። አሁን ደግሞ ሌላ ካውንስል ይመጣል። ዕድሜው ሰማንያ የሆነ የቴንበሪ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ አራተኛ ቢሮ ሊያይ ነው። በተዛወረች ቁጥር የሚያውቋት ሠራተኞች ይቀየራሉ፣ ፋይል ይጠፋል፣ የተጀመረ ሥራ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ይህ ሲደጋገም ሰዉ መጠየቅ ያቆማል። ይህን ለማስቆም ዕድሉ በእጃችሁ ነው።

ርቀት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የምታውቁት ከአፕተን ነው።

አፕተን የሰቨርን ከተማ ናት። ወንዙ በየጊዜው ሞልቶ ይመጣባታል። በጁላይ 2007 ከባድ ዝናብ ሲወርድ ከተማዋን የሚከላከል ተነቃይ ግንብ ነበረ። ችግሩ ግን ግንቡ የነበረበት ቦታ ነው። ዕቃው የተቀመጠው ኪደርሚንስተር ነበር፤ ከአፕተን ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሊያመጡት ሲነሱ በጎርፉ የተጨናነቀው አውራ ጎዳና ላይ ቆመ። ሳይደርስ ውሃው ከተማው ገባ። ግንቡ ተሠርቷል፣ ተገዝቷል፣ ባለሙያም አለው። የጎደለው ቅርበት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የአፕተን ሰዎች ጮኹ፣ ተከራከሩ፣ በ2012 ቋሚ መከላከያ ተሠራላቸው። ዛሬ ወንዙ ሲሞላ አፕተን በብዙው ትተርፋለች።

ቴንበሪ ግን እስካሁን እንዲህ ያለ ነገር የላትም። ከተማዋ በቲም ወንዝና ካየር በሚባለው ጅረት መሃል የተቀመጠች ናት። ወንዙ ሲሞላ ጅረቱ መሄጃ ያጣል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ሱቆቹ ይገባል። በ2007 ገባ። በፌብሩዋሪ 2020 ገባ። በኖቬምበር 2024 በርት የተባለው ማዕበል ሲመጣ ጅረቱ ዳር ያለ ግንብ ተደርምሶ ውሃው በዋናው የገበያ መንገድ ላይ ወረደ። በዚያው ቀን አንድ ትራክተር በጎርፉ መሃል እየበረረ አልፎ ያስነሳው ሞገድ የሱቆችን መስታወት ሰበረ። ባለሱቆቹ ከገና በዓል በፊት ያስገቡትን ዕቃ አውጥተው መንገድ ዳር ከመሩት። የመከላከያ ሥራው ዕቅድ ለዓመታት ሲወራ ቆይቷል። ወጪው እየናረ ሄዶ ከተመደበው ገንዘብ በላይ ሆኗል። ሰዉ አሁንም የሚጠብቀው ሰማይ እያየ ነው።

ስለ ኃላፊነቱ ብትጠይቁ መልሱ ያደክማል። ትልልቅ ወንዞች የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ናቸው። ከመሬት ላይ የሚጠራቀመው ውሃ በ2010ሩ ሕግ የካውንቲው ነው። የተፈናቀለውን የሚያሳድረው ወረዳው ነው። ጅረት ዳር ያለው ግንብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የባለቤቱ የግል ንብረት ነው። ስለዚህ ግንቡ ከመደርመሱ በፊት አይቶ “ይህ ሊወድቅ ነው” የማለት ግዴታ ያለበት አንድ ሰው የለም። አዲሱ ካውንስል የሁለቱን እርከን ሥራ ሲጠቀልል ይህንንም ለአንድ ሰው ይስጥ። ሰውየው የሚሠራው ከቴንበሪ ይሁን፤ ስልኩ በየሱቁ ይለጠፍ። ፓምፑ፣ አሸዋ ከረጢቱ፣ ተነቃይ መከላከያው በከተማዋ ውስጥ፣ ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጥ። መንገዱ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ እርዳታ ቴንበሪን አይጠቅማትም። በጎ ፈቃደኞቹ በጎርፍ ቀን ሌሊቱን ሙሉ በር እያንኳኩ ሰው ሲቀሰቅሱ ያድራሉ። እነሱን የሚያስታጥቅ፣ የሚያሠለጥንና የሚሰማ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ቴንበሪ የምትታወቀው በጎርፍ ብቻ አይደለም። የቲም ሸለቆ የፖምና የፒር አገር ነው፤ ሆፕስም ይበቅልበታል፣ ለቢራ እንደ ጌሾ የሚያገለግለው ተክል። በአሮጌ ፖም ዛፎች ላይ የሚወጣው ተቀጽላ ደግሞ ለገና በዓል ቤት ማስጌጫ ይሆናል፤ በየዓመቱ በበዓሉ ዋዜማ ሳምንታት በሐራጅ ይሸጣል፣ ከሩቅ መጥተው ይገዙታል። የፖም ማሳዎቹ ሲነቀሉ ተቀጽላውም ይቀንሳል። ስለ እርሻ መሬትና ስለ አዲስ ቤቶች ግንባታ የሚወስነው ሰው ይህን ማወቅ አለበት። በ500,000 ሰው ካውንስል ውስጥ የግንባታ ፈቃድ ኮሚቴው አንድ ብቻ ከሆነ ይህን የሚያውቅ አባል ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ የአካባቢ ኮሚቴዎች ይቋቋሙ። ምክር የሚሰጡ ብቻ አይሁኑ፤ ትንሽም ቢሆን በጀትና የመወሰን ሥልጣን ይኑራቸው። ከ2011 ጀምሮ ፓሪሾች የራሳቸውን የልማት ዕቅድ እንዲያወጡ ሕጉ ይፈቅዳል። ብዙ ደክመው ያወጡት አሉ። አዲሱ ካውንስል እነዚያን ሰነዶች መደርደሪያ ላይ እንዳይጥላቸው።

ስለ ቢሮው መከፈት ደግሞ እንዲህ እላለሁ። በዚህ ወረዳ ከአራት ሰው ከአንዱ የሚበልጠው ዕድሜው 65 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ከእንግሊዝ አማካይ በጣም ይበልጣል። “ሁሉም ነገር በኦንላይን አለ” የሚለው መልስ ለእነዚህ ሰዎች መልስ አይደለም። የምሄድባቸው ቤቶች ውስጥ ኔትወርክ የሚይዘው መስኮት ጋ ቆሞ ብቻ የሆነባቸው አሉ። ዓይናቸው የማያይ አሉ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ስክሪን መንካት የማይችሉ አሉ። አንድ አዛውንት ስለ ካውንስል ታክስ ቅናሽ ሊጠይቁ ደውለው፣ ሙዚቃ ሲሰሙ ቆይተው፣ የእኔ ሰዓት አልቆ ስወጣ ገና መስመር ላይ ነበሩ። ሰውየው ገንዘቡን የማግኘት መብት ነበራቸው። ደክሟቸው ተውት።

ለአንድ ማኅተም ግማሽ ቀን መጓዝ ምን እንደሆነ የገጠር ልጅ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። ስለዚህ በቴንበሪና በአፕተን በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ሰው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ይኑር። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቢሆንም ችግር የለውም። የሚቀመጠው ሠራተኛ ግን ፋይል የመክፈትና ጉዳይ የመጨረስ ሥልጣን ይኑረው። “ወደሚመለከተው ክፍል እናስተላልፋለን” የሚል ከሆነ ጠረጴዛው አያስፈልግም። አውቶቡስም ነገር አለ። አውቶቡስ በሌለበት መንደር የሚኖር መኪና የማይነዳ ሰው ሐኪም ጋ ለመሄድ የጎረቤት ፊት ያያል። በስልክ የሚጠራ ሚኒባስ ጥሩ ነው፤ ግን የሚጠራው በአፕ ብቻ ከሆነ ያው ነው።

ስለ ማልቨርን ከተማ ብዙ አልልም፤ ለራሷ የምትናገር ሰው አታጣም። ውሃዋ ዝነኛ ነው። በ1842 ሁለት ሐኪሞች በቀዝቃዛ ውሃ ማከም ጀመሩባት፤ ከዚያ በኋላ ታማሚው ከየአገሩ ጎረፈ፣ ከተማዋም አደገች። በ1942 የራዳር ተመራማሪዎች መጥተው ሰፈሩባት፤ በ1976 ንግሥት ኤልሳቤጥ ኢሜይል የላኩት ከዚያው የምርምር ተቋም ነው። ሙዚቀኛው ኤልጋር የተወለደው እዚሁ ወረዳ፣ ሎወር ብሮድሂዝ መንደር ነው። የሞርጋን መኪና ከመቶ ዓመት በላይ እዚህ ሲሠራ ኖሯል። ከተማዋ ሁለት የባቡር ጣቢያ አላት። ቢሮው ከእሷ ቢነሳ ትጎዳለች፤ ግን ትቆማለች።

ከማልቨርን ጋር ያለኝ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ወገኖቼም ይህን ብታውቁት ደስ ይለኛል።

ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። ባዝ ከተማ ስለኖሩበት ፌርፊልድ ሐውስ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ቤቱን በ1958 ለከተማዋ አረጋውያን ሰጥተውታል። ስለ ማልቨርን ግን የሚያወራ ጥቂት ነው። ንጉሡ እዚህ አቤይ ሆቴል ያርፉ ነበር። የልጅ ልጆቻቸውና የቤተ መንግሥት ሹማምንት ሴት ልጆች በሰሜን ማልቨርን በነበረው ክላረንደን ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። ንጉሡም ሊንክ ቶፕ በሚባለው ሰፈር ባለው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሱ ነበር። ጁን 25 ቀን 2011 በማልቨርን የቆዩበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰማያዊ ሰሌዳ ተመረቀ። የራስ ተፈሪ ተከታዮች መጥተው ንግግር አደረጉ፣ ከበሮ መቱ።

አባቶቻቸው በጦር ሜዳ፣ ዘመዶቻቸው በፋሺስት እጅ እየሞቱ፣ እነዚያ ልጆች በዚህ ኮረብታ ሥር ፊደል ቆጠሩ። እንግዳ ነበሩ፣ አገር አልነበራቸውም፣ የማልቨርን ሰዎች አስጠጓቸው። ለዚህ ምስጋና አለብን። ሰሌዳው ጥሩ ነው፤ ግን ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው አራት መስመር ነው። ልጆቹን በመንገድ ያዩ፣ አብረዋቸው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ካሉ ዕድሜያቸው ከዘጠና በላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ዌልስ አገር ሄዷል። ስለዚህ ወረዳው ሳይታጠፍ ይህን ትዝታ የሚሰበስብ ሰው መድቡልኝ። ቤታቸው ሄዶ ድምፃቸውን ይቅዳ። ከየቤቱ ፎቶ ይፈልግ። የተገኘው ሁሉ ዎርስተር ባለው ዘ ሃይቭ፣ የካውንቲው መዛግብት በሚጠበቁበት ቤት፣ ዝርዝሩ ወጥቶ ይቀመጥ። የወረዳው የራሱ ፋይሎችም፣ የቴንበሪ የጎርፍ መዝገብ ጭምር፣ ወደዚያው ይግቡ። ቢሮ ሲዘጋ ወረቀት የት እንደሚሄድ አይተናል። አማርኛ ማንበብ ካስፈለገ እኔም ሆነ ሌሎች ወገኖቼ ያለ ክፍያ እናግዛለን።

እዚህ ላይ ለወገኖቼ ጥቂት ልበል። በእንግሊዝ ገጠር የምንሠራ ኢትዮጵያውያን አለን። ኬር ላይ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ እርሻና ፋብሪካ ላይ። ብዙዎቻችን ስለ ካውንስል የምናስበው የታክስ ደብዳቤ ሲመጣ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ዜጋ ብቻ የሆነ ሰው እዚህ አገር በአካባቢ ምርጫ አይመርጥም። የብሪታኒያ፣ የአየርላንድ ወይም የኮመንዌልዝ አገር ዜግነት ይጠየቃል፤ የተወሰኑ የአውሮፓ ዜጎችም ይመርጣሉ። ይህ ማለት ግን አፋችን ተዘግቷል ማለት አይደለም። የካውንስል ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው። ስለ አዲሱ አወቃቀር ሆነ ስለ አንድ ሕንፃ ፈቃድ የሕዝብ አስተያየት ሲጠየቅ ፓስፖርት አይታይም፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ ይጽፋል። የእኛ አካባቢ ሲታጠፍ ዝም ብለን ብንቆም የምንንከባከባቸው ሰዎች ይጎዳሉ፤ እኛም ከእነሱ ጋር መንገድ ላይ እንቀራለን። የምትኖሩበት ወረዳ በዚህ ለውጥ ውስጥ እንዳለ ጠይቁ። ካለ ጻፉ። ብዙዎቹ የገጠር ወረዳዎች አሉበት።

ወደ እናንተ ልመለስ። ገንዘብ እንደሌለ ትነግሩኝ ይሆናል። አምናለሁ። የአዛውንቶች እንክብካቤ ወጪ ካውንስሎቹን እየበላ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ደመወዜም ከዚያ ነው የሚመጣው። ግን የጠየቅኩት አዲስ ሕንፃ አይደለም። ከመጋዘን ወደ መጋዘን የሚዛወር ፓምፕ፣ በነበረ ቤተ መጻሕፍት የሚቀመጥ ሠራተኛ፣ ከቴንበሪ የሚሠራ አንድ ኃላፊ፣ የሚወስን ኮሚቴና ትዝታ የሚቀዳ አንድ ሰው ነው። የቴንበሪ ዋና መከላከያ ብዙ ገንዘብ እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ለእሱ ማዕከላዊ መንግሥቱን መለመን የእናንተ ድርሻ ነው። ከአፕተን በኋላ “አልሆነም” ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም።

የርክክቡ ዕቅድ ሲጻፍ ቴንበሪ በስሟ ትጠቀስ። “የገጠር አካባቢዎች” በሚል ጥቅል ቃል ውስጥ አትጥፋ። የጎርፍ ዕቃው የት እንደሚቀመጥ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ ጠረጴዛው በየትኞቹ ቀናት እንደሚከፈት በዕቅዱ ውስጥ ይጻፍ። ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊትም ቴንበሪ መጥታችሁ በገበያ ቀን ለሰዉ አንብቡት። ስብሰባውን ዎርስተር አድርጋችሁ የቴንበሪን ሰው እንዳትጠሩት። እናንተ ሂዱ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ፤ ሲደርሰኝ ተርጉሜ ለአንባቢዎቼ አቀርበዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በማልቨርን ሂልስ ወረዳ የአዛውንቶች ተንከባካቢ